ገና ላልመጣው ሰው አንድ ማንኪያ

ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ እንደ ትእዛዝ የምትጠላው ነገር የለም። "አድርጊ" ካሏት እጇ ይተሳሰራል፤ "ተይ" ካሏት ደግሞ ክንፍ ታወጣለች። ታላቅ እህቷ በሕይወት ሳለች፣ "አንቺን ገነት ለማስገባት በሩ ላይ 'መግባት ክልክል ነው' ብሎ መጻፍ ይበቃል" ትላት ነበር። ስለዚህ በአትክልት ማኅበሩ የመሣሪያ ክፍል በር ላይ ማስታወቂያ የተለጠፈ ቀን፣ የሚያውቋት ሁሉ አንድ ጊዜ ወረቀቱን፣ አንድ ጊዜ ፊቷን ያዩ ጀመር።

ማስታወቂያው አጭር ነበር። ከዚህ ወቅት ጀምሮ በማኅበሩ መደቦች የሚዘራው ማኅበሩ የሚያድለው የታሸገ ዘር ብቻ ነው። አባላት ራሳቸው የለቀሙትን ዘር በሙሉ እስከ ዓርብ ለሥራ አስኪያጁ ያስረክባሉ። እምቢ ያለ አባል መደቡን ይነጠቃል። ከሥሩ ማኅተም አለ፤ ማኅተሙ ከጽሑፉ ይተልቃል።

ማኅበሩ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ሠላሳ መደብ አለው። ጡረተኛው፣ ዘበኛው፣ አስተማሪዋ፣ ሁሉም ከሥራ መልስ እጅጌውን ሰብስቦ አፈር ይነካል። በመሣሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ በአካፋና በመኮትኮቻ መሀል፣ ባለ ሃያ አራት መሳቢያ ሣጥን ቆሟል። ድሮ የልብስ ሰፊዋ የክር ሣጥን ነበር፤ እህቷ ለምና ወሰደችና የዘር ሣጥን አደረገችው። እህትየው ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ በመሳቢያዎቹ ላይ ስም በመጻፍ ፈንታ፣ ከታናሿ ጣሳ የልብስ ቁልፍ እየመረጠች በየመሳቢያው ላይ በክር አሰረች። ቀዩ የካፖርት ቁልፍ ቲማቲም ነው። ትንሿ የሕፃን ሸሚዝ ቁልፍ ካሮት። የነሐሱ የወታደር ቁልፍ ዱባ። አዲስ አባል ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ቁልፍ ማንበብ ነበር።

ሕጉም የእህትየው ነው። ከሁሉ ያማረው ፍሬ አይበላም፤ የጨርቅ ቁራጭ ታስሮበት ለዘር ይቀመጣል። ከመሳቢያው አንድ ማንኪያ የወሰደ፣ ሲያመርት ሁለት ማንኪያ ይመልሳል፤ አንዱ ለወሰደው ምትክ፣ አንዱ ገና ላልመጣው ሰው። "ያልመጣው ሰው ማነው?" ብለው ሲጠይቋት፣ "ሲመጣ ታዩታላችሁ" ትል ነበር።

ሃያ አራተኛው መሳቢያ ለብዙ ዓመት ቁልፍ አልነበረውም። እህትየው እዚያ የምታኖረው የራሷን አደንጓሬ ነበር፤ ጥቁር፣ በጎኑ ነጭ ጠብታ ያለው፣ አጥር ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ፣ ብርድ የማይበግረው። በየዓመቱ ደካማውን እየጣለች ጠንካራውን ታስቀራለች። ስጡን ሲሏት "ገና ነው፣ አልጠራም" ትላለች። ባለፈው ዓመት፣ ዘር ከተዘራ በኋላ፣ መሳቢያው ላይ ጥቁር ባለ ሁለት ቀዳዳ ቁልፍ አሰረች። ጠራ ማለቷ ነበር፤ ለሰው ሊሰጥ ነው ማለቷ። አደንጓሬው ሳይደርስ እሷ ሞተች።

ልብስ ሰፊዋ ሐዘን ላይ ተቀምጣ ስትነሣ፣ አደንጓሬው አጥሩ ላይ ደርቆ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ነበር። እየተጣደፈች ለቀመችው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እሷም ያፈሰሰችውን ሁሉ አላየችም። የለቀመችውን በእህቷ የሻይ ቅጠል ጣሳ ከተተችና ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልከፈተችም።

በስብሰባው ቀን ሥራ አስኪያጁ ትሕትና አላጎደለም። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም እንደ ሸሚዙ።

"እማማ፣ ባለፈው ዓመት የቲማቲም በሽታ የሜዳውን አንድ ማዕዘን እንዳለ ጨርሶታል። የመጣው በተለቀመ ዘር ነው" አለ።

"እማማህ ቤትህ ናት" አለች ልብስ ሰፊዋ። "በሽታው የመጣው ከዝናቡ ጋር ነው። እሺ፣ ቲማቲሙ አጠፋ እንበል፤ ዱባው ምን አደረገህ?"

ሰው ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ሳቁ እስኪያባራ ጠበቀ። "ዘሩ ስም የለውም። ቀን የለውም። የት እንደበቀለ፣ ማን እንዳበቀለው አይታወቅም።"

"አንተ አታውቀውም በል። እኛማ እናውቀዋለን።" ከወንበሯ ተነሣች። "ያንተን የታሸገውን ብዘራ፣ ከፍሬው የምለቅመው ዘር ለከርሞ ይሆነኛል?"

ሰውየው ውሸት አይወድም፤ ይህ አንዱ መልካምነቱ ነው። "ይበቅላል፤ ግን እናቱን አይመስልም። በየዓመቱ አዲስ ይታደላል" አለ።

"እንግዲያው በየዓመቱ እጄን ልዘረጋልህ ነው። ወይ ፍንክች!"

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ጡረተኛ ነው፤ ያለ "ቆይ እስቲ" አንዲት ነገር ስለማይወስን ጋሼ ፍሬን ይሉታል። "ቆይ እስቲ" አለ፤ "ዓርብ እኮ ሩቅ ነው።"

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ቁልፎቹን ሁሉ ከመሳቢያዎቹ ፈትታ፣ ዘሩን በወረቀት በወረቀት ጠቅልላ ወደ ሱቋ ወሰደች። ለአባላቱ የላከችው መልእክት አንድ ነው፤ የሚሰፋ ልብስ ያለው ያምጣ።

መጀመሪያ የመጣው ጋሼ ፍሬን ነው። ምንም ያልጎደለው ጃኬት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"ምን ሆነ ጋሼ?"

"ቁልፍ ይጎድለዋል።"

"የቱ?"

"የዱባው።"

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። የነሐሱን የወታደር ቁልፍ ደረቱ ላይ ሰፋችለት፤ የዱባውን ዘር በኪሱ ከተተችለት። ከእሱ በኋላ በሩ አልተዘጋም። አስተማሪዋ ካሮትን ቀሚሷ ላይ ወሰደች። ዘበኛው ቲማቲምን በካፖርቱ ወሰደ፤ ያ ትልቅ ቀይ ቁልፍ ከሌሎቹ ጥቁሮች መሀል እንደ ቁስል ይታይ ነበር፣ እሱ ግን ኮራበት። ማን ምን እንደያዘ መጻፍ አላስፈለገም። ካሮት የፈለገ የሕፃን ቁልፍ ያለበትን ቀሚስ መፈለግ ነው። በሦስት ቀን ሃያ ሦስት ቁልፍ ሰፋች፤ ጣቷ በመርፌ ተወጋግቶ እንኳ ደስታዋ አልቀነሰም።

"ጥቁሩስ?" አለ ጋሼ ፍሬን፣ ሐሙስ ዕለት ተመልሶ።

"እሱ የቤተ ሰብ ነው።"

"ቆይ እስቲ። እህትሽ እኮ ቁልፍ ያሰረችበት ለሰው ልትሰጠው ነው።"

"እህትነቷ ለእኔ ነው ጋሼ፣ ለእርስዎ አይደለም።"

ፍሬን ያዘና ወጣ። እሷም እውነቱን እያወቀች ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ዓርብ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዞ መጣ። አባላቱ በሙሉ በመሣሪያ ክፍሉ ዙሪያ ቆመዋል። አንደኛውን መሳቢያ ሳበ፤ ባዶ። ሁለተኛውን ሳበ፤ ባዶ። ሃያ አራቱንም ከሳበ በኋላ ዞር አለ።

"ዘሩ የት ሄደ?"

የሕፃን ቁልፍ ያለበት ቀሚስ ፊት ለፊቱ ቆሟል። የወታደር ቁልፍ ያለበት ጃኬት በሩን ተደግፏል። ቀዩ ቁልፍ ከአፍንጫው ሥር ነው። እሱ ግን ከልብስ ላይ ዘር የማንበብ ትምህርት አልተማረም። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታይ ልቧ በሐሴት ሞላ፤ መቻል አቃታትና ጭኗን መትታ ከት ብላ ሳቀች።

የሽርጥ ኪሷ ተንሿሿ።

አደንጓሬ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ድምፁ ያስታውቃል። ሁሉም ሰማ። ሥራ አስኪያጁ እጁን ዘረጋ። "ይስጡኝ፤ መደቡ ይቀርልዎታል።"

ጣሳውን አውጥታ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው። መደቡ የእህቷ ነው፤ አፈሩን እህቷ በእጇ አልምታዋለች። ጣሳውም የእህቷ ነው። "መደቡን ውሰድ" አለች። "ይህን ግን አፍንጫህን ላስ!"

ከሠራተኞቹ አንዱ ነገሩን ቶሎ ጨርሶ ቤቱ መሄድ ፈልጎ ይሁን፣ አለቃውን ደስ ሊያሰኝ፣ ጣሳውን ከእጇ መንጭቆ አረም በሚቃጠልበት በርሜል ውስጥ ገለበጠው። ሥራ አስኪያጁ ራሱ "ቆይ!" ብሎ እጁን አንሥቶ ነበር፤ ዘገየ። አደንጓሬው እሳቱ ውስጥ እየፈነዳ ተንጣጣ።

ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም። "አንድ ዘር አገኘሁ ብለህ ጻፍ" አለችው። "ሃያ ሦስቱን ግን ዕድሜ ልክህን ፈልግ።" መደቧን የሚነጥቀውን ወረቀት ከእጁ ተቀብላ፣ አራት ቦታ አጣጥፋ ኪሷ ከታ ወጣች።

ያለቀሰችው ሱቋ ገብታ፣ መጋረጃውን ስባ ነው። ያንገበገባት ሠራተኛው አይደለም፤ ሥራ አስኪያጁም አይደለም። የሰጠችው ሁሉ ተርፏል። የደበቀችው ብቻ ተቃጠለ። ለጋሼ ፍሬን አንድ ማንኪያ ሰጥታው ቢሆን፣ የዓለም በርሜል ሁሉ ቢነድ ያን አደንጓሬ አይጨርሰውም ነበር። የእህቷን ሃያ ዓመት በሥሥቷ አጠፋችው። ጥቁሩ ቁልፍ ብቻ ቀረ፤ መርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ ሰክታው በየቀኑ እያየችው ትሰፋ ነበር።

ዝናቡ ገባ። አባላቱ ለዓይን ያህል የታሸገውን ዘሩ፤ ከጎኑ ደግሞ ያሻቸውን። ሥራ አስኪያጁ በመደቦቹ መሀል ሲያልፍ ለእሱ ካሮት ሁሉ ካሮት ነው። የልብስ ሰፊዋን መደብ ግን ለአዲስ አባል ሰጥተውት ነበር፤ ለአንዲት ወጣት ኤሌክትሪሻን። ልብስ ሰፊዋ በዚያ በኩል ማለፍ ትታ፣ ዳቦ ቤት ለመሄድ እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች።

አንድ ጠዋት ያቺው ኤሌክትሪሻን የሥራ ቱታዋን እንደለበሰች፣ የፕላስቲክ ባልዲ ታቅፋ ሱቁ በር ላይ ቆመች።

"ጋሼ ፍሬን ናቸው የላኩኝ" አለች።

"ምን ፈልገሽ?" አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ቀና አላለችም።

"አጥሩ ሥር ሳልዘራው የበቀለ ነገር አገኘሁ። ሥራ አስኪያጁ አረም ነው፣ ንቀይው አለኝ። ልነቅል ብዬ አፈሩን ገለጥ ሳደርግ፣ የዘሩ ቅርፊት አብሮ ወጣ። ጥቁር ነው፤ በጎኑ ነጭ ጠብታ አለው።" ባልዲውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "የእርስዎ ነው አሉኝ። ስለዚህ አመጣሁልዎት።"

በባልዲው ውስጥ፣ በእርጥብ አፈር መሀል፣ ሁለት ቅጠል ያወጣ አንድ አደንጓሬ ቆሟል። የተሰነጠቀው ጥቁር ልባስ ከጫፉ አልወደቀም።

የልብስ ሰፊዋ እጅ ከስፌት መኪናው ላይ ተነሣ። ባልዲውን ልትስበው ጠርዙን ያዘች። እዚሁ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እሷ ብቻ ታጠጣዋለች፤ እሷ ብቻ ታየዋለች። ማንም አይነካውም። ከዚያ የጣሳው ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። ጠርዙን ለቀቀችው።

"ሌላ አለ?" አለች።

"ሦስት አለ። እነሱን አልነካኋቸውም።"

"አትንኪያቸው። ይህንንም ሥሩ ሳይደርቅ ሮጠሽ መልሺው። አደንጓሬ ቤት መለወጥ አይወድም።" ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ተቆጣ። "ነይ እስቲ መጀመሪያ፤ ቅረቢ።"

ጥቁሩን ባለ ሁለት ቀዳዳ ቁልፍ ከትራሱ ነቀለች። ልጅቷን እንደቆመች፣ ቱታዋ ደረት ላይ ትሰፋው ጀመር። እየሰፋች የማንኪያውን ሕግ ነገረቻት።

"ሁለቱን ማንኪያ ለማን ነው የምመልሰው?" አለች ልጅቷ። "እርስዎ መደብ የለዎትም።"

"አንዱን ለአንቺ ያዢ። አንዱ ገና ላልመጣው ሰው ነው።" ልብስ ሰፊዋ መርፌውን አንድ ጊዜ አሳለፈች። ገና ያልመጣው ሰው ሆኖ ከበር ውጭ መጠበቅ ምን እንደሚመስል አሁን ገባት። "ዘንድሮ እኔ ነኝ።"

"ሥራ አስኪያጁ ንቀይው ቢለኝስ?"

"ወይ ፍንክች በይው።"

"የማነው ካለኝስ? የእርስዎ ነው ልበል?"

ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን ጎትታ ጥንካሬውን ፈተነች። አልተነቃነቀም።

"አይደለም፤ 'የእኔ ነው' በይው" አለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ባልዲውን አንሥታ አስታቀፈቻት።