የሙሴ ኒኮ የጀልባ ሞተር

በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መካኒሳ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልነበራችሁ ደግሞ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። መጋቢት ነው፤ ቤት ለቤት አሰሳ የሚካሄድበት ወር።

ባለቤቴ አብደላ የጋራዥ ሠራተኛ ነው። ጓሯችን ውስጥ በጆንያ የተሸፈነ የጀልባ ሞተር ነበረን። ሙሴ ኒኮ የሚባል ግሪክ ላንጋኖ ዓሣ ሲያጠምድ ከጀልባው ኋላ የሚያስረው ነው። ተበላሸብኝ ብሎ ለአብደላ ሰጠውና በዚያው ከአገር ወጣ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

"ለቆራሌው ስጠውና ጓሮው ይለቀቅልኝ" ስለው፣ "አደራ ነው ቀመሪያ፣ ሰውዬው ይመጣል" ይለኛል።

አንድ ቀን አሳሾቹ እኛም ቤት ገቡ፤ ጆንያውን ገልጠው እርስ በርስ ተያዩ። አለቃቸው የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ደምሰው ነው። ክዳኑን አነሳው። ውስጡ ገመድ የሚጠመጠምበት ክብ ብረት አለ፤ ከሥሩ የጠቆረ ዘይት አዝሏል። ደምሰው በጣቱ ነክቶ አሸተተ።

"ቀለም ነው" አለ።

"ዘይት ነው ጓድ" አለ አብደላ። "የጀልባ ሞተር ነው።"

"መካኒሳ ላይ ጀልባ?"

አንዱ ጠባቂ ሳቀ። ደምሰው አልሳቀም። ክቡን ብረት በእጁ አዞር አዞር አደረገና፣ "ወረቀቱ በየት በኩል ነው የሚገባው?" አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። የበራሪ ወረቀት ማባዣ መስሎታል። በዚያ ሰሞን ማባዣ የተገኘበት ሰው ምን ይሆን እንደነበር፣ ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ምን እናይ እንደነበር፣ ልጆቼ፣ አልነግራችሁም።

አብደላን ወሰዱት። ሁለት ቀን ምግብ ይዤ ቀበሌው በር ላይ ቆምኩ። በሁለተኛው ቀን ሳህኑ ሳይነካ ተመለሰልኝ። ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። አብደላ ነው፤ ሁለት እጁ ከፊቱ ታስሯል፣ ጣቶቹ አብጠው አይታጠፉም። ደምሰውና ሁለት ጠባቂዎች ከኋላው ናቸው።

"ሞተር ነው ካላችሁ ይነሳ" አለ ደምሰው። "እስከ ስድስት ሰዓት። ካልተነሳ ወደ ከፍተኛ እናሳልፈዋለን።"

ከሰፈራችን ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ሄዶ የተመለሰ አላየንም።

"እጁን ፍቱለታ" አልኩ።

"በአፉ ይንገርሽ።"

አብደላ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። "አትፍሪ፣ እኔ አለሁ። መፍቻውን ያዢ" አለኝ።

እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈታሁ፤ ዝጓል። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። ካርቡራተሩ ውስጥ የከረመው ቤንዚን እንደ ሙጫ ደርቋል፤ አጥቤ በአፌ ነፋሁት። አብደላ ለሞተር ዕቃ ማጠቢያ ያስቀመጠው አንድ ሊትር ያህል ቤንዚን ነበረን። "ዘይት ቀላቅይበት" አለ፣ "ይኼ እንደ መኪና አይደለም፣ ያለ ዘይት ነክሶ ይቆማል።" የማስነሻ ገመዱ ስነካው ብጥስ አለ። መቀነቴን ፈትቼ በክቡ ብረት ላይ ጠመጠምኩ።

"አሁን የሞተሩ እግር ውኃ ውስጥ ይግባ። ያለ ውኃ ይቃጠላል።"

በርሜል አለን፤ ውኃ ግን የለም። ቦኖው ከትናንት ጀምሮ ደርቋል። ቤት ያለችኝን አንድ ጀሪካን ብገለብጥ የበርሜሉን ቂጥ ብቻ አራሰች። ጎረቤት ከተጠርጣሪ ቤት አይደርስም፤ ሦስት ቀን ሰላም ያለኝ የለም። አልፈርድባቸውም። ባለፈው ወር የእትዬ አሰገደችን ወንድም ሲወስዱት እኔም በሬን ዘግቼ ተቀምጫለሁ።

አምስት ሰዓት አለፈ። የአጥሩ በር ተከፈተ። እትዬ አሰገደች፣ ባልዲ ይዛ።

"ወዴት ነው?" አለ ደምሰው።

"ልብስ ላጥብበት ያጠራቀምኩት ነው" አለችው። "ጀልባ አይቼ አላውቅም፤ ልይ ብዬ ነው።"

እኔን ሳታየኝ ገለበጠችና ሄደች። ሌላ ባልዲ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በአጥሩ ላይ ጀሪካን ብቅ አለ፤ ያቀበለው እጅ ብቻ ነው የታየኝ። ከዚያ ሌላ። በርሜሉ ሞላ። ሞተሩን አንስቼ ጠርዙ ላይ ሰካሁት፤ እግሩ ውኃ ውስጥ ገባ።

መቀነቱን ሳብኩ። ምንም። ጠምጥሜ ሳብኩ። ምንም። መዳፌ ተላጠ። ደምሰው ሰዓቱን አየ።

"የአየሩን ቁልፍ ዝጊው" አለኝ አብደላ በሹክሹክታ።

ዘግቼ ሳብኩ። ሞተሩ ጧ አለ፤ ልክ እንደ ጥይት። ደምሰው መሬት ላይ ተደፋ። ቀና ስል የአንዱ ጠባቂ ጠመንጃ ደረቴ ላይ ነው። ገና ልጅ ነው፤ ጣቱ ምላጩ ላይ።

"ሞተሩ ነው" አለ አብደላ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ቀስ ብሎ። "ሞተሩ ነው ወንድሜ። ቀመሪያ፣ አንዴ ድገሚው።"

ጠመንጃው አልወረደም። በጠመንጃ ፊት መቀነቴን ጠመጠምኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩ።

ተነሳ። ጓሮው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ፤ በርሜሉ እየተንቀጠቀጠ ውኃውን በየጎኑ ይረጫል። ደምሰው አቧራውን እያራገፈ ቆሞ ያያል። አጥፊው አላለም። እሱ ሳይል ማን ያጠፋል? ውኃው ሲጎድል እትዬ አሰገደች ትጨምራለች፣ እኔ ሞተሩን በሁለት እጄ ተጭኜ ይዣለሁ። ቤንዚኑ አልቆ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ እንዲያ ቆየን።

ሞተሩን ለቅቄ መዳፌን በቀሚሴ ጠረግሁ።

"ጀልባውስ የት አለ?" አለ ደምሰው።

ሌላ ጣጣ መጣ አልኩ። አብደላ ግን፣ "ከባለቤቱ ጋር ነው ጓድ። እኛ ጋ ያለው ሞተሩ ብቻ ነው" አለው።

ደምሰው በርሜሉን ዞረው። ከዚያ ለጠባቂው "ፍታው" ብሎ ወጣ፤ በሩን እንኳ አልዘጋውም።

ውኃው ሞቋል። ዘይት ቢንሳፈፍበትም የአብደላን እጆች እዚያው በርሜሉ ውስጥ ነከርኳቸው። የታሰረበት ገመድ የላጠውን ቦታ ውኃው ሲነካው ጥርሱን ነከሰ። እትዬ አሰገደች ባዶ ባልዲዋን ይዛ ቆማለች። "ስለ ወንድምሽ..." አልኳት።

"እጁን እጠቢለት" አለችኝ።

እጁን ሳጥበው አብደላ፣ "ሙሴ ኒኮ ሲመጣ እኔ ባልኖር፣ ተሠርቷል በዪው" አለኝ።

እሺ አልኩት። ሞተሩን መልሼ በጆንያው ሸፈንኩና የአጥሩን በር ዘጋሁ። የሰው ኮቴ ባለፈ ቁጥር ግን ሁለታችንም ወደ በሩ እናይ ነበር።