ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ሽማግሌ

እና አሁን ምን ልል ነው፣ እማዬ ያ የሳሙት ጻድቅ አይደለም፣ የጥንቆላ ካርታ ነው ልላቸው ነው? ጉድ ፈላ። አማቴ እትዬ አረጋሽ ጎኔ ቁጭ ብለው፣ ሞራ በጋረደው ዓይናቸው ዳሽቦርዱ ላይ የለጠፍኩትን እያዩ፣ ነጭ ጢም፣ ካባ፣ በትር፣ ፋኖስ፣ የትኛው አባት ናቸው ልጄ? አሉኝ። እኔ እንጃ እማዬ፣ እድላዊት ናት የሰጠችኝ። ይሄስ እውነት ነው፣ ልጄ ናት፣ ስትሰጠኝም፣ ማሚ ኢትስ ጀስት ፎር ኢንስፓይሬሽን፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ካርድ ታወጫለሽ፣ ከዛ መስታወት ፊት ቆመሽ ለራስሽ ጥሩ ጥሩ ነገር ትነግሪያለሽ፣ ኦኬ? ኦኬ አልኩ፣ የወጣልኝን እዚህ ለጠፍኩት፣ ምን ላድርግ፣ ከአደጋው ወዲህ ሃይዌይ ወጥቼ አላውቅም፣ በረዶው፣ መኪናዋ ስትሽከረከር፣ መስታወቷ ሲረግፍ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ ሥራ የምሄደው በውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው፣ ቀይ መብራት ሁሉ ያውቀኛል።

ዛሬ ግን ሐኪም ቤት ነው፣ ሌክውድ፣ ከተማው ማዶ። የእማዬ ሞራ የሚገፈፍበት ቀን፣ ስንት ወር የጠበቁት ቀጠሮ፣ ባሌ ኪሩቤል ሺፍት የሚቀይረው ሰው አጣ፣ በውስጥ ብሄድ ሰዓቱ ያልፈናል፣ ካለፈን ደግሞ እንደገና ወረፋ፣ እንደገና ግድግዳ እየዳበሱ ሽንት ቤት መሄድ።

ፒዮሪያ ጎዳና ላይ ነኝ፣ ወደ ሃይዌይ የሚያስገባው ራምፕ እየቀረበ ነው፣ መሪው በላቤ ሙልጭልጭ ይላል። አይ አም ካልም፣ አይ አም ሴፍ፣ መስታወት ፊት የለመድኩት፣ ውሸታም፣ ፈርቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ፣ መንገዱንም እግዜርንም፣ በስመ አብ፣ አሮጊት አሳስቼ ካርታ አሳለምኩ እኮ፣ ደግሞ ሞራው ሲገፈፍ ጥርት አድርገው ሊያዩት ነው፣ እሺ፣ ኦፕሬሽን ሲገቡ አንስቼ እጥለዋለሁ፣ የታሉ አባቴ ቢሉኝስ?

ልጄ፣ አሉ እትዬ አረጋሽ ወደ ካርታው እየጠቆሙ፣ እኔ እኮ መኪና ያስፈራኛል፣ ዛሬ ግን እሳቸውም አሉ፣ አንቺም አለሽ። ወይ ጉዴ፣ እኔ አለሁ ይባላል እንዴ።

አረንጓዴ። ራምፕ። ወደ ኮሜርስ ሲቲ የሚበሩት ከባድ መኪኖች፣ አንዱ፣ ሌላው፣ ማነው የሚያስገባኝ፣ ሲግናል አብርቻለሁ፣ አታዩም እንዴ፣ መስመሩ እያለቀብኝ ነው፣ ልቁም? እዚህ አይቆምም፣ አይ አም፣ አይ አም፣ ቀሪው ጠፋኝ፣ አባቴ ያድርሱን አሉ እትዬ አረጋሽ ጮክ ብለው፣ እኔም በገዛ አፌ፣ ለዚያ ለካርታ ሽማግሌ፣ አሜን አባቴ፣ ያድርሱን፣ እግሬም ነዳጁን ረገጠው።

ገባሁ። ከኋላዬ የአንዱ ጡሩምባ ያምባርቃል፣ ያምባርቅ፣ ገብቻለሁ፣ እንባዬ ይወርዳል፣ ኧረ ማንን ነው የለመንኩት፣ ኧረ ማን ነው የሰማኝ፣ እትዬ አረጋሽ እየዳበሱ ካርታውን ከዳሽቦርዱ አላቀቁት፣ ግንባራቸውን አስነክተው ወደ አፌ አስጠጉልኝ፣ ተሳለሚ ልጄ፣ አንቺ መሪሽን ያዢ፣ እኔ እይዝልሻለሁ።

ሳምኩ።