ድፎ ዳቦ በኤር ፍራየር

ሃምሳ አለቃ ጣሰው ሚስቱን የዓለምወርቅን የቀበረው በነሐሴ ነው። አርባዋ በወጣ ሰሞን የማርያም ማኅበር ሰዎች ቤቱ መጡ። ነገሌ ከጦር ካምፑ አጥር ጀርባ ባለው ሰፈር የሚኖሩ ናቸው፤ ግማሾቹ የወታደር ሚስቶች፣ ግማሾቹ አስተማሪዎችና ነጋዴዎች። በየወሩ በሃያ አንድ፣ ተራ በተራ እየደገሱ፣ ጽዋውን ከቤት ወደ ቤት ያዞራሉ። የጥቅምቱ ተረኛ የዓለምወርቅ ነበረች።

ወንበር ተሰጥቷቸው ሻይ ከቀረበ በኋላ እትዬ ስንቄ ጉሮሮዋን ጠረገች። ጎረቤት ናት፤ ከሟች ጋር እሳት ሲጫጫሩ የኖሩ። ማኅበሩ ውስጥ ከእሷ ቀድሞ የሚናገር የለም።

«የመጣነው ስለ ተራው ነው» አለች። «ሐሳብ አይግባህ፣ ዳቦውን እኔ ቤት እንጋግረዋለን። ወይም የዘንድሮው ይለፍ።»

«ከዚህ ቤት ተራ አልፎ አያውቅም» አለ ጣሰው።

«እሱማ እሷ እያለች።»

«አሁንም አያልፍም።»

«ማን ሊጋግረው ነው ታዲያ?»

«እኔ።»

ሴቶቹ ተያዩ። እትዬ ስንቄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «አንተ? አንተ ሻይ ስታፈላ እንኳ ካምፑ ውስጥ ያሉት እሳት የተነሣ ይመስላቸዋል። ደግሞስ በምን? ኦቨኑ በሰኔ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጥሎ የለም እንዴ?»

«ኤር ፍራየሩ አለ።»

«ድንች መጥበሻው?»

«እሱ።»

ከዚያ በኋላ ማንም የሳቀ የለም፤ ምክንያቱም ነገሩ ከቀልድ ያለፈ ነበር። በማኅበሩ ወግ ዳቦው ከተረኛው ቤት ተጋግሮ፣ ሙሉውን ይቀርባል፤ ቄሱ ባርከው ይቆርሱታል። ከሱቅ የተገዛ ወይም ከሌላ ቤት የተጋገረ ዳቦ ያቀረበ ቤት ተራውን እንዳልጠበቀ ይቆጠራል። ባለተራው የሞተ እንደሆነ ደግሞ ቦታው ደጅ ለሚጠና ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ በጸሎቱ ላይ የዚያ ቤት ስም አይጠራም። እትዬ ስንቄ «ይለፍ» ስትል ክፋት አስባ አልነበረም። ጣሰው ግን የሰማው ሚስቱ ከማኅበሩ ስትወጣ ነው።

የዓለምወርቅ ደግሞ እንዲሁ የምትወጣ ሰው አልነበረችም። ነገሌ ተመድቦ የመጣ መኮንን ሁሉ ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው የእሷን ቤት ነበር። ወደ ፊልቱ ከተማ ተዛውረው የሄዱት እንኳ ለበዓል መኪና ሲያገኙ ዳቦ አስጋግረው በሻሽ ጠቅልለው ይወስዱ ነበር። ሰው ሲያመሰግናት አንገቷን ሰበር አታደርግም፤ «አውቃለሁ» ትላለች። ጣሰው ይህንን «አውቃለሁ» ይወድላት ነበር።

ኤር ፍራየሩን ያመጣችው ልጃቸው ሉሲ ናት፤ እናቷ በልብ ሕመም ምክንያት ወደ ኦቨኑ ጎንበስ ማለት ሲያቅታት ከአዲስ አበባ ይዛላት መጣች። ሰፈሩ ውስጥ ሌሎችም ነበራቸው፤ ልጆቻቸው ከዱባይ የላኩላቸው። ሁሉም ድንች ጠብሰውበት፣ ዶሮ ሞክረው ካደረቁ በኋላ ዳንቴል አልብሰው ቡፌው ላይ አስቀምጠውታል። የዓለምወርቅ ግን ወንበር አስጠግታ ከማሽኑ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እሷ ታዛለች፣ ጣሰው ይሠራል። መጀመሪያ የሞከሩት ኬክ አናቱ ከሰል፣ ሆዱ ሊጥ ሆኖ ወጣ። ጣሰው ማሽኑን ሰደበው። እሷ ግን ኬኩን በማንኪያ እየገለበጠች ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች።

«ይህ ኦቨን አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ኦቨን ይሞቃል እንጂ አይነፍስም። ይህ ይነፍሳል። እሳቱም ከላይ ነው። በኦቨን ሂሳብ ከሄድክ ያሳርርሃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሷን ሂሳብ አወጣች። ኦቨን ላይ ሁለት መቶ የሚለውን መቶ ሰማንያ። ከሰዓቱ ሩቡን መቀነስ። ዕቃውን እስከ ግማሹ ብቻ መሙላት፤ የሚነፋ ነገር ተነሥቶ እሳቱን እንዳይነካ። መሃል ላይ ከፍቶ ማየት፤ ኦቨን ሲከፈት ያኮርፋል፣ ይህ ግን አይቀየምም። ነገሌ ውስጥ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ ሌላ ነገር አለ፤ መብራቱ ይደክማል። ማሽኑ ቁጥሩን በትክክል ያሳያል፣ ሙቀቱ ግን ቁጥሩን አያክልም። ስለዚህ የዓለምወርቅ ከማሽኑ ቁጥር ይልቅ ኩሽናው ውስጥ የተንጠለጠለውን አምፖል ታይ ነበር። አምፖሉ ነጭ ከሆነ በሂሳቡ ትሄዳለች፤ ቢጫ ካለ ትጨምራለች፤ ከቀላ «ንቀለው፣ ማታ እንሠራዋለን» ትላለች።

በዚህ ዓይነት ዶሮውን፣ ዓሣውን፣ ኬኩን፣ ብስኩቱን አንድ በአንድ ከኦቨን ወደ ኤር ፍራየር አሻገረችው። ሴቶቹ ዳንቴሉን ከየማሽናቸው እያነሡ ሊጠይቋት ይመጡ ጀመር። የቡሌ ሆራ አማቷ ሳትቀር እየደወለች «የኔ ለምን ይደርቅብኛል?» ትላለች። የዓለምወርቅ ትራሷን ተደግፋ በስልክ ትመልስላታለች፤ ጣሰው አጠገቧ ቆሞ የራሱን ሙያ የሚያስረዱለት ይመስል ደረቱን ይነፋል። አንድ ነገር ግን አላሻገረችም፤ ድፎውን። «የማኅበር ዳቦ ለኦቨን ነው» ትል ነበር። ኦቨኑ ሲቃጠል እሷም አልጋ ይዛ ስለነበር ነገሩ ሳይነሣ ቀረ።

እንግዲህ ጣሰው የቀረውን አንዱን ማሻገር ነበረበት።

ዳዳቻ የሚባል ሚኒባስ ነጂ ወዳጅ አለው፤ የጉጂ ሰው ነው፣ ወደ አዶላ ይመላለሳል። ኮባ ቅጠል ከደጋው እንዲያመጣለት ለመነው። ዳዳቻ በማግስቱ አንድ እቅፍ ቅጠል ተሸክሞ ከች አለ።

«አካም፣ ጋሼ ጣሰው? ናጋ?» አለ፣ በኦሮምኛ ሰላምታ እየሰጠው።

«ናጋ፣ ዳዳቻ። ይህን ሁሉ ምን አደርገዋለሁ?»

«አንተ ዳቦ ልትጋግር ነው ሲሉ ሰማሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ካበላሸህ እንዳያንስህ ብዬ ነው ብዙ ያመጣሁት።»

«እንዳላበላሽ አትመኝልኝም?»

«እሱንም እመኝልሃለሁ። ቅጠሉ ግን ብዙ ነው።»

ጣሰው ሊጡን የዓለምወርቅ ታደርገው እንደነበረው አደረገ። ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ ጨመረ፣ ዘይቱን አፈሰሰ፣ ሸፍኖ እስኪነፋ ጠበቀ። ከማሽኑ ውስጥ የሚገባ ክብ ዕቃ ፈልጎ ኮባውን ከሥር አነጠፈ፣ ሊጡን አሳረፈ፣ ከላይ ሌላ ኮባ አለበሰ፤ ድፎ እንዲህ ነውና። ከኦቨኑ ሰዓት ሩቡን ቀነሰ፣ ከሙቀቱም ሃያውን። አምፖሉ ነጭ ነበር። ማሽኑን አስነሥቶ ወንበሯን ስቦ እንደሷ ከፊቱ ተቀመጠ።

ጥቂት እንደቆየ ማሽኑ ውስጥ አንድ ነገር ተንኳኳ። ከዚያ ጭስ መጣ። ሲከፍተው ማራገቢያው የላይኛውን ቅጠል አንሥቶ እሳቱ ላይ ለጥፎታል፤ ቅጠሉ ነድዶ ዳቦው ላይ አመድ ሆኖ ረግፏል። እትዬ ስንቄ ከአጥሩ ማዶ «ሃምሳ አለቃ፣ ምሳ ደረሰ?» አለች።

ለሁለተኛው ሙከራ የላይኛውን ቅጠል ተወው። ዳቦው በሰለ፣ አናቱ ግን ደርቆ እንደ ጭቃ ተሰነጠቀ፤ ሽታውም የድፎ ሽታ አልሆነም። ቆርሶ ቀመሰና አስቀመጠው። ጥሩ ዳቦ ነበር። ሱቅ ቢሸጥ ሰው ይገዛዋል። የዓለምወርቅ ግን «ምን እንዲሉኝ ነው ይህን የማቀርበው?» ባለች ነበር፤ ስትናገር የሰማት እስኪመስለው ድረስ ያውቃታል።

ከላይ ፎይል አልብሶ ሞከረ፤ ማራገቢያው አነሣው። ኮባውን በስንጥር ወጋግቶ ሊጡ ላይ ሰካው፤ ስንጥሩ ጠቆረ፣ ቅጠሉ በጎን ተቀደደ። ከሰዓት በኋላ የተቃጠለ ቅጠል እየጠረገ ሳለ፣ ንፋሱ የግቢውን በር ሲያላጋው ሰማ። የቆላው ንፋስ ነው፤ አቧራ ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታየው። ወጣት ወታደር ሳለ በዚህ ንፋስ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሏል። ድንኳን ከላይ ቢቸነከር ንፋሱ ይዞት ይሄዳል። ጫፉ ከሥር ገብቶ አፈር ሲለብስ ነው የሚቆመው፤ ድንኳኑን የሚይዘው ጫፉ ላይ ያረፈው ክብደት ነው።

ኮባውን ረዘም አድርጎ ቆረጠው። በእሳት ለብ አድርጎ አለዘበው፣ እንዳይሰበር። ዕቃው ውስጥ አነጠፈና ጫፎቹን በዕቃው ከንፈር በኩል ወደ ውጭ ተዋቸው። ሊጡን ከጨመረ በኋላ ጫፎቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ መልሶ፣ አጣጥፎ፣ በዳቦውና በዕቃው ግድግዳ መካከል ወደ ታች ሸጎጣቸው። ሊጡ ሲነፋ ራሱ ጫፎቹን ይይዛቸዋል። ማሽኑን አስነሥቶ ጆሮውን ሰጠ። ማራገቢያው ነፈሰ። ምንም አልተንኳኳም።

ከሰዓቱ መጨረሻ አካባቢ ከፍቶ ቅጠሉን ከላይ ገለጠለት፣ ዳቦውን ገልብጦ መለሰው፤ እሳቱ ከላይ ነውና ሆዱም ድርሻውን እንዲያገኝ። ሲያወጣው ጀርባውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ድምፁ ባዶ ቅል የመታ ያህል ነበር። የኮባው ደም ሥር ቆዳው ላይ ታትሟል። ኩሽናው እሷ በሕይወት እያለች የሚሸተውን ሸተተ፤ ጣሰው ዳቦውን እንደያዘ ጥቂት ጊዜ ቆሞ ቀረ። ከዚያ አስቀምጦ ፊቱን ታጠበ።

የቀረው ችግር መጠኑ ነበር። የየዓለምወርቅ ድፎ ሁለት ሰው ይሸከመው ነበር፤ ይህ በአንድ እጅ ይያዛል። ማሽኑን ማስፋት አይቻልም። ስለዚህ የማርያም ዕለት ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ አንዱን ሲያወጣ ሌላውን ሲያስገባ ረፈደ። አንድ ጊዜ አምፖሉ ቢጫ ሲል በሂሳቧ ጨመረለት። እንግዶቹ ሲደርሱ ለእያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ሙሉ ድፎ መሶቡ ላይ ተደርድሯል፤ አንዱ ደግሞ ለብቻው፣ መሃል ላይ።

እትዬ ስንቄ ገና ከመቀመጧ አንዱን አነሣችው። «ሃምሳ አለቃ፣ ይህ ዳቦ ነው የወታደር ኮፍያ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ጣሰውም ፈገግ አለ። «ራስሽ ላይ አድርገሽ ለኪው፣ እትዬ ስንቄ።»

«የማኅበር ዳቦ ትልቅ ነው የምናውቀው» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«የማኅበር ዳቦ ሙሉ ነው የምናውቀው» አለ ጣሰው። «ከዚህ ቤት የተጋገረ ነው፣ ሙሉ ነው፣ ኮባ ለብሷል። ትልቅ ይሁን ያለ ካለ እሰማለሁ።»

ሁሉም ወደ ቄስ ፍሬሰንበት ዞሩ። ቄሱ የመሃሉን ዳቦ አነሡት፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩት፣ አሸተቱት። ቸኩለው የሚናገሩ ሰው አይደሉም።

«ማን ጋገረው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባ። ሂሳቡ የእሷ ነው።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁና ቆመው ጸሎቱን ጀመሩ። ስሞቹን እየጠሩ ሄዱ፤ ያረፉትን በሚያነሡበት ላይ የዓለምወርቅን በክርስትና ስሟ ጠሯት። በሕይወት ወዳሉት ተሻግረው የተረኛውን ቤት ሲባርኩ የጠሩት የጣሰውን ስም ነበር። ከዚያ ዳቦውን ቆረሱት። ውስጡ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጥቁር አዝሙድ የተበተነበት ነበር። እንፋሎቱ ገና አልወጣም።

እትዬ ስንቄ ቀመሰች። ሁሉም እሷን ነው የሚያየው። አላመጠች፣ ዋጠች፣ ሌላ ቆረሰች።

«እሷ ኮረሪማውን ትንሽ ቀነስ ታደርግ ነበር» አለች።

«እውነትሽን ነው» አለ ጣሰው።

«ሌላው የእሷ ነው።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ወዲያው ደግሞ ተቆጣች። «ምን ታዩኛላችሁ? ብሉ እንጂ።»

በሉ። ሲጨርሱ ጣሰው ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ተነሣ። ጽዋውን ለሚቀጥለው ተረኛ የሚያስረክበው ተረኛው ራሱ ነው፤ እስከ ዛሬ የዓለምወርቅ ይህን ስታደርግ ከበሩ ጎን ቆሞ ነበር የሚያያት። የኅዳሩ ተረኛ እትዬ ስንቄ ናት። ተነሥታ ተቀበለችው፤ ተሳለመችውና ወደ እሱ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የኔም ኦቨን እኮ ከያንተ ጋር በዚያው ቀን ነው የተቃጠለው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ያን ቀን እኔ ቤት እንጋግረዋለን ያልኩህም እንዲያው ለአፌ ነው። ማሽንህን ታውሰኛለህ?»

«አላውስም» አለ ጣሰው ጮክ ብሎ፣ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ። «እኔው ይዤው እመጣለሁ። ሊጡን አንቺ አቡኪ፣ መጋገሩን ለእኔ ተይልኝ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። «ኮራብሽ፣ ስንቄ» አለች አንዷ ከወደ ጥግ።

«ይኩራ» አለች እትዬ ስንቄ፣ ጽዋውን ደረቷ ላይ አድርጋ እየተቀመጠች። ጣሰው የጠላውን ማሰሮ አንሥቶ ከቄሱ ጀምሮ ሊቀዳ ሄደ።