የሲሪንቃው ገመድ

"ቁም፣ ገመድ አለ!" አለች ከድጃ። ዓሪፍ ግን ቀድሞ ፍሬኑን ረግጦታል። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ በዚህ መንገድ ላይ ያልተወጠረ ገመድ የለም፤ ወጣሪው ነው እንደ ወሩ የሚለዋወጠው። ዓሪፍም ከዚህ ሁሉ የተማረው አንድ ነገር ነበር፤ ገመድ ካየህ ክፈል፣ የማን ነው ብለህ አትጠይቅ።

እናም ሲሪንቃ መታጠፊያው ላይ፣ ከተቃጠለ የጭነት መኪና አጠገብ፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ገመድ አስፋልቱን ሲያቋርጥ አይቶ መስኮቱን አወረደ። ከድጃ ለወልድያ ኬላ ብላ የሰጠችውን ብር እንደታጠፈ አውጥቶ ገመዱን ለያዙት ሽማግሌ ዘረጋላቸው። ሽማግሌው ትንሽ ግር አላቸው። ከዚያ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

"እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ። ክፉ አይንካችሁ፤ የሄዳችሁበት ይቅናችሁ" አሉና ገመዱን መሬት ላይ ለቀቁት።

አይሱዙው ሽንኩርቱን ተሸክሞ እያቃሰተ ተንቀሳቀሰ። ከድጃ ወደ ሾፌሯ ዞረች።

"ዓሪፍ፣ ኬላ ጠባቂ ሲመርቅ ሰምተህ ታውቃለህ?"

"ኧረ ሲሳደብ ነው የማውቀው።"

"ካርኒስ ሰጡህ?"

ዓሪፍ በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተ። የተቃጠለው መኪና ከልሎት የነበረው ድንኳን አሁን ወለል ብሎ ይታያል። ግማሹን መንገድ ይዞታል፤ በሩ ላይ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ቆመዋል። ገመዱ የተወጠረው መኪና ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ኖሯል።

"ያ ረቢ! ለቅሶ ቤት ነው የከፈልኩት!"

ከድጃ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን የወልድያ ኬላ ትዝ አላት። በእጇ ሌላ ብር አልነበረም። ወልድያ ያለው ሱቋ ከነመደርደሪያው ተዘርፏል፣ ባንኩም ገና አልተከፈተም። የጆሮ ወርቋን ሸጣ ነው ከመርሳ ገበሬዎች ይህን ሽንኩርት የገዛችው፤ ከስደት ከተመለሰች ወዲህ የመጀመሪያ ጭነቷ ነው። ገበያው ሳይበተን ካልደረሰ በማግስቱ ማንም አያነሳውም፤ ያኔ ከዜሮ የሚያስጀምር እንኳ አይኖራትም።

"አዙሬ ልመለስ፣ እትዬ? ተሳስቼ ነው ብላቸው ይመልሱልኛል።"

"ከለቅሶ ቤት ብር ልትቀበል? አላህን ፍራ! ንዳ ዝም ብለህ።"

ወልድያ መግቢያ ላይ የኬላው ቤት ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ ቀርቷል። የጭነት ቀረጥ የምትሰበስበው ኮቴ ቆራጯ ብዙነሽ ከፊቱ መንገዱ ላይ ገመድ ወጥራ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጃንጥላ ዘርግታለች። ሕጉ እንደ ድሮው ነው። ባዶ መኪና ያልፋል፣ ወደ ሌላ ከተማ የሚያልፍ ጭነትም አይከፍልም፤ ወልድያ የሚራገፍ ግን ኮቴውን ከፍሎ ካርኒ ይቆረጥለታል።

"አላፊ ነን በያት" አለ ዓሪፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ለቆቦ ነው በያት። ማን ተከትሎ ያያል?"

ብዙነሽ ወደ መስኮቱ ቀረበች። "ታራግፋላችሁ ወይስ እናንተም አላፊ ናችሁ? ዛሬማ ሁሉም አላፊ ነው። በዚህ አያያዝ ቆቦ በሽንኩርት መዋጧ ነው።"

ከድጃ "አላፊ" ልትል አፏን ከፈተች። በስደት በዞረችበት ሁሉ "አላፊ ነሽ ወይስ ልትቀመጪ ነው?" ያላላት አልነበረም፤ እሷም ሰው ላይ እንዳትከብድ "አላፊ ነኝ" ስትል ከረመች። ዛሬ በገዛ ከተማዋ ደጃፍ ያንን ቃል መድገም አስጠላት።

"እናራግፋለን" አለች። "እኔ የዚሁ ሰው ነኝ። ኮቴውን ግን አሁን የለኝም፣ እህቴ።" የሲሪንቃውን ነገር ከነምርቃቱ ነገረቻት።

ብዙነሽ ወደ ዓሪፍ ዞረች። "ለቅሶ ቤት ኮቴ ከፈልክ?" አለችና ጃንጥላው ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። ዓሪፍ መሪውን አቀርቅሮ ያያል። ሳቋ ሲበርድ ግን ገመዱ እንደተወጠረ ነበር።

"ሳቅ ካርኒ አይሆነኝም። አንድ ጆንያ በመያዣ አውርዱልኝና እለፉ። ሽጣችሁ ስትመለሱ ከፍላችሁ ትወስዱታላችሁ።"

"ፀሐይ እንዳታገኘው አደራ" አለች ከድጃ።

"ጃንጥላዬን አለብሰዋለሁ፤ ሂጂ ይልቅ ገበያው ሳይበተንብሽ።"

ከተማው ከተራበ መቆየቱን ገበያው ያስታውቅ ነበር። ከድጃ ሚዛኗን በቅጡ ሳትሰቅል ሰው ከበባት። ፀሐይ ሳትበረታ የአይሱዙው ወለል ታየ፤ ለሚቀጥለው ጭነት የሚሆን ብር በመቀነቷ ገባ። ደስ አላት፤ አልሐምዱሊላህ እያለች ኬላው ደረሰች። ኮቴውን ከፈለች፣ ካርኒዋን ተቀበለች፣ ጃንጥላ ሥር የቆየውን ጆንያ ዓሪፍ መልሶ ጫነው።

ሲሪንቃ ሲቃረቡ ዓሪፍ ከሩቁ ፍጥነቱን ቀነሰ። "አሁንስ ብሞት አልከፍልም" አለ።

ሽማግሌው አወቋቸው። ከመድረሳቸው ገመዱን ጣል አደረጉላቸው።

"እለፉ ልጆቼ፣ እለፉ። እናንተማ በጠዋት ደርሳችሁልናል።"

ከድጃ ፊቷ ጋለ። አስባ ሳትደርስላቸው ደረሳችሁልን መባሉ ከበዳት።

"አባቴ፣ ማን ነው የሞተብዎት?"

"ይታገሱ የሚባለው ልጄ ነው። እዚያው ጦርነቱ ላይ። መርዶው ትናንት ገባ።" ገመዱን በእጃቸው ላይ ይጠቀልሉ ጀመር። "ሰዉ ገና ከስደቱ አልተመለሰም፤ ለቃሹም ጥቂት ነው። የማያውቁን ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ሲያስቡን ጊዜ ለእናቱ ነገርኳት፤ ትንሽ በረታች።"

ዓሪፍ ማርሹን አስገብቶ ነበር። ከድጃ እጇን እጁ ላይ አሳረፈች።

"ሞተሩን አጥፋው። ጆንያውንም አውርደህ ለወጥ ሠሪዎቹ ስጣቸው።"

"እትዬ፣ ጠዋት ከፍለን የለም እንዴ?"

"እሱ ለገመዱ ነው" አለች። ሻሿን አስተካክላ ከጋቢናው ወረደችና ወደ ድንኳኑ ገባች።