ለኮራሊ የተለኮሰ ምድጃ

በየዓመቱ ለገና የበግ ታፋ እንድትጠብስልኝ እናቴን ስለምናት፣ "ኖሪን፣ በዚህ ሙቀት ምድጃ ለኩሼ ልሙትልሽ?" እያለች ቀዝቃዛ ሥጋና ማንጎ ታቀርብልኛለች። ዘንድሮ በአውስትራሊያዋ ከተማችን በዱቦ ሙቀቱ አርባ ሁለት ዲግሪ ገባ። ታናሽ እህቴ ኮራሊ ከለንደን ስለመጣች ግን ምድጃው ከንጋት ጀምሮ ሲነድ አረፈደ። እኔም በቅናት አብሬው ነደድኩ።

የተጠበሰው የበግ ታፋ ለምሳ ሲቀርብ ኮራሊ ሳህኗን ገፋ አድርጋ፣ "እማዬ፣ ይሄንማ እዚያ ጠግቤዋለሁ። የናፈቀኝ ቀዝቃዛው ሥጋ ነው" አለች።

እናቴ ላቧን በሽርጧ ጠረገች። እኔ ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴም አሳፈረኝ።

"ለእኔ ስጪኝ" ብዬ ሁለት ሳህን ሙሉ በላሁ።

"ጣፈጠሽ?" አለችኝ እናቴ፣ ዓይኗን ከኮራሊ ላይ ሳትነቅል።

"በጣም" አልኳት። አልሰማችኝም፤ ለኮራሊ ቀዝቃዛ ሥጋ ልታወጣ ወደ ፍሪጁ እየሄደች ነበር።