የአረጋዊ ጊታር

ወንድሜ አረጋዊ የኤሌክትሪክ ጊታሩ የክር ድምፅ መቀበያ መበላሸቱን ፕራግ ሳለሁ ጽፎልኝ ነበር። ሁለት ዓይነት አዲስ መቀበያ ይዤ ስመለስ እሱ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤም የለም። እናታችን "ሲመጣ ተሠርቶ ይጠብቀው" ስላለችኝ፣ ጊታሩን ከመቀበያዎቹ ጋር ኦሎምፒያ ሰፈር ላሉት ሬዲዮ ሠሪ ለጋሽ ገብረየስ ወሰድኩላቸው።

አሮጌውን መቀበያ ፈትተው ሳቁ። "ይሄ ቀበጥ! እንዳያፏጭበት የጧፍ ሰም አፍስሶበታል።" ሰሙ ላይ የአረጋዊ አውራ ጣት አሻራ ቀርቷል።

"ካመጣሃቸው አንዱ ጥርት ያለ፣ ሌላው ወፍራም ድምፅ ነው የሚያወጣው። የቱን ይወዳል?"

ሰባት ዓመት ሲጫወት አልሰማሁትም። "አላውቅም" አልኩ።

"እንግዲያው ሲመጣ ራሱ ይምረጣ" አሉ፣ ፊቴን ሳያዩ። የተበላሸውን አሮጌ ከነሰሙ መልሰው ገጠሙት።

ቤት ስገባ እናቴ "ተሠራ?" አለችኝ።

"ተሠራ፣ እማ።" እስቲ ሞክረው እንዳትለኝ ጊታሩን ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት።