የማን ወገን ሳንባ

ያለ ጊዜው ተወልዶ ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ የተኛው ሕፃን ከኦክስጅኑ አልላቀቅ አለ። ሐኪሟ፣ "ሳንባው ቶሎ የሚጎዳ ዓይነት ነው፤ ይህ አንዳንዴ በዘር ይመጣል። ከሁለቱም ወገን ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ሳትደብቁ ንገሩኝ፣ እንዴት እንደምንከታተለው ለመወሰን ይረዳኛል" ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ምኑን ልንገራችሁ!

"በእኛ ቤት ሰው የሚሞተው በእርጅና ብቻ ነው" አለች የአራሷ እናት።

"እኛን ደግሞ እርጅናም አይደፍረንም" አሉ የአራሷ አማት፣ የባሏ እናት።

አራሷ መሃላቸው ተቀምጣለች። የሁለቱንም ጉድ ታውቃለች። እናቷ ደረጃ በወጣች ቁጥር የጫማ ማሰሪያ የምታስር መስላ ጎንበስ ትላለች፤ ጫማዋ ግን ማሰሪያ የለውም። አማቷ ደግሞ የሚሳብ መድኃኒታቸውን ጡታቸው ሥር ሸጉጠው፣ "መጣሁ" እያሉ ይሰወራሉ። ታዲያ ማንን ታጋልጥ? ብትናገር ሁለቱም ያኮርፏታል፣ ዝም ብትል ልጇ ይጎዳባታል። በመጨረሻ ተንኮል መጣላት።

"ለካ አንድ ነገር ረስቻለሁ" አለች ወለል ወለሉን እያየች። "ዶክተሯ የእናንተው ልጅ ታጋይ ነው አለችኝ። እንዲህ ያለው ጉልበት የሚወረሰው የትንፋሽ ሕመምን ካሸነፈ ዘመድ ነው አሉ። ከማን ወገን እንደሆነ ግን አላወቀችም።"

ሁለቱ በጎን ተያዩ።

"እኔ'ኮ" አለች እናቷ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ "ልጅ ሆኜ ደረቴ ሲጥ ሲጥ ይል ነበር። አትተርፍም ተብዬ ነበር።"

"የልጅነትማ ምን አላት!" አማቷ መድኃኒታቸውን መዘው ወንበሩ ላይ ቁጭ አደረጉት። "እኔ ይኸው እስከ ዛሬ እታገላለሁ።"

ሐኪሟ ስትመለስ ተሽቀዳድመው ነገሯት፤ እናቷ አጎት ስትጨምር አማቷ ሁለት እህት ደረቡ።

"ለመሆኑ ልጄ፣ ጉልበቱም በዘር ነው ያልሽው እውነት ነው?" አሉ አማቷ።

ሐኪሟ አራሷን አየቻት። አራሷ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

"እኔ እንኳ እንዲህ አላልኩም። ተንኮሉን ግን ከማን እንደሚወርስ አወቅኩ" አለች ሐኪሟ። "ለማንኛውም ጠቅማችሁታል። ኦክስጅኑን ሳንቸኩል እንቀንስለታለን፣ ቤት ሲገባም በቅርብ እንከታተለዋለን።"

አማቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ሰው ፊት መድኃኒታቸውን ሳብ አደረጉ፤ እንዲህ ሲያደርጉ ማንም አይቷቸው አያውቅም።

"ባሌ እንዳይተወኝ ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ደበቅኩት" አሉ ለምራታቸው ቀስ ብለው። "ሕፃኑ ግን ሲያድግ እንዳይደብቅ። እሺ ልጄ?"

አራሷ የአማቷን እጅ ይዛ ራሷን ነቀነቀች። እናቷም አንድም ደረጃ ሳትወጣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር ጀመረች።